የሮም ባለ ሁለት ፎቅ የቱሪስት አውቶብስ፦ ለተከፈለበት ዋጋ ምን ያህል ያሳያል?

ሮምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎበኝ ሰው ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብቅ ሲል ቀድመው የሚቀበሉት ደማቅ ሰደርያ የለበሱና ካርታ የያዙ ትኬት ሻጮች ናቸው። ድርጅቶቹ ብዙ፣ የአውቶብሶቹም ቀለም ልዩ ልዩ ነው፤ የሚሸጡት አገልግሎት ግን በመሠረቱ አንድ ነው። ጣሪያው ክፍት የሆነ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ ከጣቢያው አካባቢ ተነሥቶ ታዋቂዎቹን ሥፍራዎች እየዞረ ይመለሳል፤ ተሳፋሪውም በፈለገው ፌርማታ ወርዶ ጎብኝቶ በሚቀጥለው አውቶብስ መንገዱን ይቀጥላል፤ ገለጻው በጆሮ ማዳመጫ በተለያዩ ቋንቋዎች ይሰማል። የአንድ ቀን ዋጋው እንደ ድርጅቱና እንደ ወቅቱ ቢለያይም፣ እኛ በሄድንበት ክረምት ለአንድ ሰው ከ20 ዩሮ በላይ ነበር። የተሳፈርንበትን ድርጅት በስም አልጠራም፤ የማነሣቸው ጉድለቶች የአንዱ ብቻ ሳይሆኑ የዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ጠባይ ናቸውና።

አብራኝ የተጓዘችው ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ፍርዴ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ሮም በኮረብታዎች ላይ የተሠራች፣ የመሐል ከተማዋም መንገድ በአብዛኛው በትናንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ላይ ኮብልስቶን የረገጠ ሰው ያውቀዋል፣ ልዩነቱ የሮሙ በዘመን ብዛት ተፍቆ መለስለሱና ክፍተቱ መስፋቱ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ቀኑን ሙሉ መራመድ ለወጣትም ቀላል አይደለም፤ ለእናቴ ደግሞ ጨርሶ የሚታሰብ አልነበረም።

የአውቶብሱ ትልቁ ጥቅም ከፍታው ነው። ከላይኛው ፎቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ከአጥርና ከቆሙ መኪናዎች በላይ ስለሚሆን የከተማዋን አቀማመጥ በአንድ ዙር ይረዳል፤ ኮሎሲየም ከቴርሚኒ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ቫቲካን ከቲቤር ወንዝ ማዶ መሆኑን፣ ፍርስራሾቹ ከዛሬዋ ከተማ ጋር እንዴት እንደተጠላለፉ በካርታ ከሚያየው ይልቅ በዓይኑ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት ፊዩሚቺኖ ላረፈ፣ እንቅልፍ ላጣና ሆቴሉ ገና ክፍል ላልሰጠው መንገደኛ ከዚህ የሚሻል የመጀመሪያ ቀን ውሎ አላገኘሁም።

ይሁን እንጂ ጉብኝቱ የሚጀምርበት አደባባይ ራሱ ያለ አንዲት ቃል ገለጻ መታለፉ አስገርሞኛል። በቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ‹‹ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ›› ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። ለእነርሱ መታሰቢያ የቆመው፣ በአናቱ ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት የተተከለበት ዓምድ ደግሞ ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ርቆ በዛፎች መካከል ይገኛል። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የተቀመጠው በዚሁ ዓምድ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘውም እዚሁ ነው። አንበሳው ወደ ሀገሩ ተመልሶ ዛሬ ለገሀር ቆሟል፤ ዓምዱ ግን በቦታው አለ። ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ የምመክረው አውቶብሱን ከመሳፈሩ በፊት ይህን ሥፍራ በእግሩ ሄዶ እንዲያይ ነው፤ ነጻ ነው፣ ሰልፍም የለበትም። ማታ የራበውም ሰው ከጣቢያው ጎን ባሉት መንገዶች ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የከፈቷቸውን ምግብ ቤቶች ያገኛል።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ትኬቱን የሸጠልን ወጣት አውቶብሱ በየሩብ ሰዓቱ እንደሚመጣ ነግሮን ነበር። በመነሻው ፌርማታ ይህ እውነት ሆኖ አገኘነው፤ በመሐል ፌርማታዎች ግን፣ በተለይም በቫቲካን አቅራቢያ፣ ጥላ በሌለበት ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ቆመን ጠብቀናል፤ የመጣውም አውቶብስ ላይኛው ፎቁ ሞልቶ ስለነበር ታች ተቀምጠን በመስኮት ስናይ ተጓዝን። የሮም ሐምሌና ነሐሴ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ጣሪያ አልባ መቀመጫ በዚህ ሰዓት ጸጋ መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል። ገለጻውም ከአውቶብሱ ጋር አብሮ አይሄድም። መንገዱ ሲዘጋ ድምፁ ቀድሞ ይሮጥና ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚተርከው ጋራዥ ፊት ቆመን ሳለ ነው፤ መንገዱ ሲለቅ ደግሞ አውቶብሱ ቀድሞ ሐውልቱ ካለፈ በኋላ ስሙ ይጠራል። በመሐል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የኦፔራ ሙዚቃ ነው። ከቀረቡት ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አልነበረም፤ እኔ እየሰማሁ ለእናቴ መተርጎም ነበረብኝ።

ትኬት ሻጮቹ ሳያብራሩ የሚያልፉት አንድ ጉዳይ አለ፤ የአውቶብስ ትኬት የትም አያስገባም። ኮሎሲየም የሚገባ ሰው ለብቻው ትኬት መግዛት አለበት፤ መደበኛው ዋጋ 18 ዩሮ ሲሆን የሮማውያንን ፎሩም (የጥንቱን የከተማ አደባባይ) እና የፓላቲን ኮረብታንም ይጨምራል። ትኬቱ በስም የሚሰጥ በመሆኑ በመግቢያው ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል። እኛ ደግሞ በራስ፣ በአባትና በአያት ስም የምንጠራ ሕዝብ ስለሆንን በድረ ገጹ ላይ ‹‹የቤተሰብ ስም›› የሚለውን ቦታ በዘፈቀደ ሞልቶ በር ላይ መከራከር ይመጣል፤ በፓስፖርቱ ላይ በየትኛው መስመር የትኛው ስም እንደተጻፈ አይቶ ያንኑ መገልበጥ ነው የሚሻለው። ትኬቱን ቀደም ብሎ ከሥፍራው መደበኛ ድረ ገጽ መግዛት፣ መግቢያ ሰዓቱንም በጠዋቱ ማድረግ ያስፈልጋል። መንገድ ላይ ‹‹ያለ ሰልፍ እናስገባችኋለን›› የሚሉት ሰዎች የሚጠይቁት ዋጋ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። በኮሎሲየም ውስጥ ለአረጋውያንና መራመድ ለሚያዳግታቸው ሊፍት አለ፤ እናቴ እስከ ላይኛው ደርብ የወጣችው በዚያ ነው። በዚሁ ትኬት ፎሩም ውስጥ የሚገኘውን የንጉሠ ነገሥት ቲቶ ድል ቅስት ሳያዩ መውጣት አይገባም፤ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሮም ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ የሚያሳይ ቅርጽ አለ። ከኦሪት የምናውቀውን ዕቃ የዘረፉት ሰዎች ራሳቸው ባስቀረጹት ድንጋይ ላይ ማየት ሙሉውን የትኬት ዋጋ ያስረሳል።

አውቶብሱ ከኮሎሲየም ተነሥቶ ወደ ጥንቱ የፈረስ መጋለቢያ ወደ ቺርኮ ማሲሞ የሚሄድበት መንገድ ‹‹ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ›› ይባላል፤ በዛፍ የተከበበ፣ ሰፊና አጭር መንገድ ነው። ለእኔ የሮም ጉብኝት ሁሉ ጭብጥ እዚህ ላይ ነው፤ አውቶብሱ ግን ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ በኦፔራ ሙዚቃ ታጅቦ ያልፈዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው በዚህ መንገድ መጨረሻ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው፤ ሰዓቱ 2፡15፡16.2 ሆኖ የዓለም ፈጣን ሰዓት ሆኗል። ውድድሩ የተጀመረው በካፒቶል ኮረብታ ግርጌ ሲሆን ሯጮቹ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና በችቦ ብርሃን ተመልሰዋል። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ አበበ ወደ ማብቂያው የተለየው፣ ተደጋግሞ እንደተተረከው፣ የአክሱም ሐውልት ከቆመበት ሥፍራ አካባቢ ነበር።

የሐውልቱ ሥፍራ ከመንገዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው የፖርታ ካፔና አደባባይ ነው። 24 ሜትር ርዝመትና ወደ 160 ቶን የሚጠጋ ክብደት ያለውን ሐውልት ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ወስደው በዚያ፣ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንጻ ፊት ተከሉት። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የወሰደችውን ለመመለስ ብትስማማም ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የገባው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጥንት ቦታው ቆሞ ተመረቀ። ዛሬ በአደባባዩ ላይ የሚታዩት እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ለደረሰው የሽብር ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የቆሙ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ናቸው።

ስለዚህ በዚህ አካባቢ ማድረግ ያለብን ከአውቶብሱ በቺርኮ ማሲሞ ፌርማታ ወርዶ፣ ከፖርታ ካፔና ጀምሮ የቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮን መንገድ ወደ ኋላ፣ ማለትም አበበ በሮጠበት አቅጣጫ፣ እስከ ቅስቱ ድረስ በእግር መሄድ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፤ እናቴ በዝግታ፣ ሁለቴ ተቀምጣ አርፋ ጨርሳዋለች። በመንገዱ ግድግዳ ላይ የድሉን 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የተቀመጠ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ፤ ትልቅ ስላልሆነ በዓይን እየፈለጉ መሄድ ያሻል። በዚያው የመታሰቢያ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻውን 300 ሜትር ጫማውን አውልቆ ሮጧል። ሰሌዳውን ፎቶ ስናነሣ ያዩን አንድ አዛውንት ሮማዊ ጠጋ ብለው ወደ እግራቸው እያመለከቱ ‹‹አቤቤ! አቤቤ!›› አሉን፤ የአውቶብሱ ድምፅ ያልነገረንን የሰፈሩ ሰው ያስታውሰዋል።

ቀጣዩ ፌርማታ ፒያሳ ቬኔዚያ ነው። የንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ መታሰቢያ የሆነው ነጩ የእምነበረድ ሕንጻ ለፎቶ ያምራል፤ ከዚያ ያለፈ ብዙ የምለው የለኝም፤ አደባባዩ በአዲሱ የሜትሮ ግንባታ ምክንያት ታጥሮ ቆፈራው ከዕይታው ግማሹን ወስዶታል። አውቶብሱ ሲዞር ግን በስተጎን ያለውን ቡናማ ቤተ መንግሥት ልብ ማለት ይገባል። ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ያዝኩ ብሎ ግዛተ አፄነትን ያወጀው በመካከለኛው ፎቅ ካለችው፣ ከታች ሲያዩዋት ይህን ያህል ከማትገዝፍ በረንዳ ነው።

ቫቲካን ላይ አውቶብሱ የሚያወርደው ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትንሽ ራቅ አድርጎ ነው። ባዚሊካው መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚያሰልፈው የደኅንነት ፍተሻው ሲሆን ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ቶሎ ይገባል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ብዙ ቱሪስቶች በር ላይ ከሻጮች ሻርፕ ሲገዙ እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ገባች። ወደ ጉልላቱ ከ500 በላይ ደረጃ አለ፤ በከፊል በሊፍት መውጣት ቢቻልም ቀሪው ከ300 በላይ ጠባብ ደረጃ ነውና ጉልበት ለሚያመው ሰው አይሆንም። የቫቲካን ሙዚየምና የሲስቲን ጸሎት ቤት በር ባዚሊካው ጋ አይደለም፤ በግንቡ ዙሪያ ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ይህን ቀድሞ አለማወቅ በሙቀት ሰዓት ያስመርራል። ሙዚየሙ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ እስከ ቀትር በኋላ ድረስ በነጻ ይከፈታል፤ በዚያ ቀን ግን ሰልፉ ግንቡን ተከትሎ ስለሚዘረጋ ለአዛውንት የሚመከር አይደለም።

ከባዚሊካው በስተጀርባ፣ በቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1540ዎቹ መጨረሻ የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በሮም ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮንም የተቀበሩት በዚያ ነው። ተራ ጎብኚ እንደፈለገ የሚደርስበት ቦታ ስላልሆነ ከአውቶብስም ከአደባባዩም አይታይም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ እመጣለሁ። የሮም መሐል ከተማ መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ ለመኪናም በአብዛኛው ዝግ ናቸው። ስለዚህ ፓንቴዮን (የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ)፣ ፒያሳ ናቮና፣ ካምፖ ዴ ፊዮሪና የትሬቪ ፏፏቴ ከአውቶብሱ አይታዩም፤ በትኬቱ ካርታ ላይ ግን ሥዕላቸው በትልቁ ታትሟል። ‹‹ትሬቪ›› የተባለው ፌርማታ ከፏፏቴው ጥሩ የእግር መንገድ ይርቃል። ከከተማዋ ምርጥ ቦታዎች ገሚሱን የማያሳይ የጉብኝት አውቶብስ ዋጋው ለምን እንዲህ ከፍ እንዳለ አልገባኝም።

ከእነዚህ ሁሉ ፓንቴዮን ከምንም ነገር በፊት መታየት አለበት። 5 ዩሮ ይከፈልበታል። እ.ኤ.አ. በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን የተጠናቀቀው ጉልላቱ ስፋቱ 43.3 ሜትር፣ ከወለል እስከ አናቱ ያለው ከፍታም ያንኑ ያህል ነው፤ ብረት ያልገባበት የኮንክሪት ጉልላት እስከ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ አልተሠራም። በአናቱ ያለው ክብ ክፍተት ክዳን የለውም፤ ዝናቡ ገብቶ በወለሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይፈሳል። ሠዓሊው ራፋኤል እዚህ ተቀብሯል። በአንደኛው ጎን ደግሞ የውጫሌ ውል በስሙ የተፈረመውና የዓድዋ ሽንፈት የደረሰበት የንጉሥ ኡምቤርቶ መቃብር አለ፤ አጠገቡ ጎብኚዎች ለክብሩ የሚፈርሙበት መዝገብ ተቀምጧል። እኛ አልፈረምንም።

ለዚህ ክፍል የሚያስፈልገው ጫማ እንጂ አውቶብስ አይደለም። ውኃም መግዛት አያሻም፤ በከተማዋ በየማዕዘኑ ‹‹ናዞኒ›› የሚባሉ 2,500 ያህል የብረት ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ያፈሳሉ። ጎንበስ ማለት የማይችል ሰው የቧንቧውን አፍ በጣቱ ሲደፍነው ውኃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣለታል፤ እናቴ ይህን ካየች በኋላ በየደረስንበት ቧንቧ እኔን ማስደፈን ልማድ አደረገችው። ለምሳ የጾም ቀን ከሆነ ፒሳ ማሪናራ ብሎ ማዘዝ ነው፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። ቡና ቆሞ የጠጣ ሰው፣ ተቀምጦ ከሚጠጣው በብዙ ያነሰ ይከፍላል።

ለአውቶብሱ አማራጩ የከተማው የሕዝብ ትራንስፖርት ነው። የ1.50 ዩሮ ትኬት ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፤ በአውቶብስ ላይ የባንክ ካርድን ማሽኑ ላይ በማስነካት ብቻ መክፈልም ይቻላል። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶብስ በመሐል ከተማው በኩል ስለሚያልፍ ለብዙው ጎብኚ ይበቃዋል፤ በኪስ አውላቂም የታወቀ ስለሆነ ቦርሳን ወደ ፊት አዙሮ መያዝ ነው። መቀመጫ የማግኘት ዋስትና ግን የለም፤ አዛውንት ይዞ ለሚጓዝ ሰው የቱሪስቱ አውቶብስ የሚበልጠው በዚህ ነው።

እንግዲህ ከአምስት ኮከብ ሦስቱን እሰጠዋለሁ። ወጣትና ጤነኛ ለሆነ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ለሚቆይ ሰው አልመክርም፤ ከወላጅ ጋር ለሚሄድ፣ ሕፃን ለያዘ ወይም በመጀመሪያው ቀን ድካም ላይ ላለ ሰው ግን ይጠቅማል። የሚገዛ ሰው ‹‹24 ሰዓት›› የሚለውን ትኬት ከ‹‹አንድ ቀን›› ትኬት ለይቶ ይጠይቅ። በተሳፈርንበት ድርጅት የመጀመሪያው ከተሳፈሩበት ሰዓት ጀምሮ የሚቆጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው አውቶብሶቹ አመሻሽ ላይ ሥራ ሲያቆሙ ያበቃል። እኛ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ገዝተን፣ ፀሐይ ሲበርድ ሙሉውን ዙር ከላይ ፎቅ ሆነን ጨርሰን፣ በማግስቱ ጠዋት በዚያው ትኬት እስከ ቺርኮ ማሲሞ ሄደናል፤ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ዩሮ ነው።